መልእክተኛ የማይነካው ለምንድን ነው? ከአማርና ጽላቶች እስከ ቪየና ስምምነት

ጥንተ ነገር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ማን ማንን ወጋ፣ የማን ግዛት የት ድረስ ተዘረጋ በሚለው ነው። ዛሬ ግን ጦር ከመማዘዛቸው በፊትም ሆነ ደም ከተቃቡ በኋላ በሁለት ነገሥታት መካከል ስለሚመላለሰው ሰው እንድንወያይ እፈልጋለሁ። ስለ መልእክተኛው ማለቴ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1887 ግብፅ ውስጥ አማርና በተባለ ስፍራ ከ350 በላይ የሸክላ ጽላቶች ተገኙ። አብዛኞቹ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ለፈርዖን አመንሆቴፕ 3ኛና ለልጁ ለአክሄናተን የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። የባቢሎን፣ የአሦርና የሚታኒ ነገሥታት «ወንድሜ» እያሉ ይጽፉለታል፤ የከነዓን ሹማምንት ደግሞ «ጌታዬ» እያሉ። ቋንቋው የሜሶፖታሚያው አካድኛ ነው። በዘመኑ ከማንም የማያንሰው ፈርዖን እንኳ ለእኩዮቹ ሲጽፍ በባዕድ ቋንቋ ነበር።

ደብዳቤዎቹ በልመናና በወቀሳ የተሞሉ ናቸው። የሚታኒው ቱሽራታ ድፍን የወርቅ ሐውልት ቃል ተገብቶለት በወርቅ የተለበጠ እንጨት ስለደረሰው አምርሮ ይጽፋል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን የአሦሩ ንጉሥ የአሹር ኡባሊት ቃል ነው። መልእክተኞቹን ፈርዖን ደጅ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥላቸው እንዲቆሙ ያደርጓቸዋል። እሱም፣ መቆማቸው ለንጉሡ የሚጠቅመው ነገር ካለ ይቁሙ፣ እዚያው ይሙቱም፤ ጥቅም ከሌለው ግን ለምን ይሞታሉ ብሎ ይጠይቃል። የባቢሎኑ ቡርና ቡርያሽ ደግሞ ነጋዴዎቹ ከነዓን ውስጥ ተገድለውበት አገሩ ያንተ ነውና ገዳዮቹን ቅጣ ይላል። ካልቀጣሃቸው ነገ ያንተኑ መልእክተኛ ይገድላሉ፣ ያን ጊዜ በመካከላችን የሚመላለስ ሰው ይጠፋል ብሎ ያስጠነቅቃል። በአንዲት ትንሽ ጽላት ላይም የሚታኒ ንጉሥ ለከነዓን ሹማምንት ሁሉ፣ መልእክተኛዬን አኪያን ማንም እንዳያዘገየው፣ በደኅና ግብፅ ይግባ ብሎ ጽፏል። ዛሬ ፓስፖርት የምንለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እነዚህ ነገሥታት በላያቸው ዳኛ አልነበራቸውም። አማልክታቸው የተለያዩ ናቸው። ታዲያ መልእክተኛ አይነካም የሚለውን ደንብ ማን አስከበረው? ከ3,300 ዓመት በላይ አልፎትስ ዛሬም ኤምባሲ በዚያው ደንብ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? የእኔ እምነት፣ ዛሬ ተቀባይ የሆነ ሁሉ ነገ ላኪ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው የሚል ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሜዳ ፈረስ

ወንድሜ ጥንተ ነገር፣ ጥሩ ጥያቄ አንስተሃል፤ መልስህን ግን አልቀበለውም። ደንቡን ያስከበረው ፍርሃት ነው። ለዚህም ከኦትራር የበለጠ ምስክር የለም።

በ1218 ከጄንጊስ ካን ግዛት የተነሣ ወደ 450 የሚጠጉ ነጋዴዎች ያሉበት ቅፍለት በመካከለኛው እስያ በነበረው የክዋሬዝም መንግሥት ንጉሥ (ሻህ) ሥር ወደነበረችው ኦትራር ገባ። ከተማይቱ ዛሬ በካዛኪስታን ክልል ውስጥ ናት። ገዥው ኢናልቹቅ ሰላዮች ናችሁ ብሎ ፈጃቸው፣ ዕቃቸውንም ወረሰ። ልብ በሉ፣ ጄንጊስ ካን ወዲያውኑ አልዘመተም። ሦስት መልእክተኞች ልኮ ገዥው ተላልፎ እንዲሰጠው ሻህ ሙሐመድን ጠየቀ። ሻሁ አንደኛውን አስገደለ፣ የሁለቱን ጢም አስላጭቶ ሰደዳቸው።

በዓመቱ ሞንጎሎች መጡ። ኦትራር ለወራት ተከባ ወደቀች። በ1220 ቡኻራና ሳማርካንድ ተያዙ። ሻሁም ከከተማ ከተማ ሲሸሽ ቆይቶ በካስፒያን ባሕር ደሴት ላይ ሞተ። የሩስ መሳፍንትም በ1223 የሞንጎል መልእክተኞችን ገድለው ካልካ ወንዝ ላይ ተደመሰሱ። ከዚያ ወዲህ በእስያ ሜዳ መልእክተኛን ለመንካት የሚደፍር ሁሉ ዋጋውን ያውቀው ነበር። ሕግን ሕግ የሚያደርገው ቅጣቱ ነው።

ማዶ ለማዶ

የሜዳ ፈረስ፣ ታሪኩን ከካልካ ላይ ባታቆመው ጥሩ ነበር። በ1260 የሞንጎሉ መሪ ሁላጉ ወደ ካይሮ መልእክተኞች ላከ። ባግዳድ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ሐለብና ደማስቆም ተይዘዋል። የግብፁ የማምሉክ ሱልጣን ኩቱዝ መልእክተኞቹን አስገድሎ ጭንቅላታቸውን ባብ ዙዌይላ በር ላይ አሰቀለ። በመስከረም 3 ቀን 1260 ደግሞ ዓይን ጃሉት ላይ ሞንጎሎችን አሸነፈ። ጃፓንም እንዲሁ። የካማኩራ መንግሥት በ1275 የኩብላይ ካንን መልእክተኞች አንገት አስቀላ፣ በ1279 የመጡትንም ደገመ። በ1281 የመጣው ግዙፍ መርከበኛ ጦር በተከላካዮቹና በማዕበል ተመትቶ ተመለሰ። እንግዲህ ቅጣቱ ሁልጊዜ አልደረሰም፤ ደንቡ ግን አልሞተም።

እኔ የኩቱዝን ሥራ የማየው እንዲህ ነው። አብረውት የነበሩት አሚሮች ብዙዎቹ ፈርተዋል። እንገብር፣ እንታረቅ የሚሉ ነበሩ። መልእክተኞቹ ከሞቱ በኋላ ግን ምሕረት የሚለምን ሰው ሊኖር አይችልም። ኩቱዝ ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ አልጣሰውም፤ የጣሰው በደንብ ስለሚያውቀው ነው። የመመለሻውን መንገድ በገዛ ወገኖቹ ላይ ዘጋባቸው። ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ባይኖር ኖሮ ያ ግድያ ይህን ሁሉ ትርጉም አይሸከምም ነበር።

ብራና አገላባጭ

ሦስታችሁም ስለ ጥቅምና ስለ ኃይል ብቻ ነው የምታወሩት። የጥንት ሰዎች ራሳቸው ምን ብለው ያምኑ እንደነበር ማንም አልጠየቀም። እስኪ ሄሮዶቱስ የተረከውን የስፓርታ ጉዳይ እንየው።

ዳርዮስ ወደ ግሪክ ከተሞች አፈርና ውሃ ስጡኝ የሚሉ መልእክተኞችን ልኮ ነበር፤ ገብሩ ማለቱ ነው። አቴናውያን የመጡባቸውን መልእክተኞች ጉድጓድ ውስጥ ወረወሯቸው። ስፓርታውያን ደግሞ አፈሩንም ውሃውንም ከዚህ ውሰዱ ብለው ወደ ውሃ ጉድጓድ ጣሏቸው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ በጀግንነት ያወራዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይበልጣል። በስፓርታ የመሥዋዕት ምልክት ሁሉ መጥፎ ሆነ። የአጋሜምኖን መልእክተኛ የታልቲቢዮስ ቁጣ ወርዶብናል አሉ፤ በስፓርታ መቅደስ ነበረው። ጉባኤ ተጠርቶ ስለ ስፓርታ የሚሞት ማን ነው ተብሎ ተጠየቀ። ስፐርቲያስና ቡሊስ የሚባሉ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ፈቃዳቸውን ሰጡ። ለሞቱት መልእክተኞች ካሣ ሆነው እንዲገደሉ በገዛ እግራቸው ወደ ፋርስ ሄዱ።

ሱሳ ሲደርሱ ዳርዮስ ሞቶ ዜርክሲስ ነግሦ ነበር። ሰዎቹ ስለ መጡበት ነገር ሲነግሩት፣ እናንተ የሰውን ልጅ ሁሉ ሕግ አፍርሳችኋል፤ እኔ ግን የነቀፍኳችሁን ነገር ራሴ አልሠራውም፣ እናንተን ገድዬም ስፓርታን ከበደሏ ነጻ አላወጣትም ብሎ መለሳቸው። አስቡት፤ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጽሑፍ ውስጥ የሰውን ልጅ ሁሉ የሚገዛ ሕግ አለ የሚለው ሰው፣ ግሪኮች ባርባሪያን የሚሉት የፋርስ ንጉሥ ነው። ይህን በጠላት አፍ ያስነገረው ደግሞ ግሪካዊ ጸሐፊ ነው።

ፍጻሜው ያሳዝናል። የእነዚያ የሁለቱ ሰዎች ልጆች አኔሪስቶስና ኒኮላዎስ በ430 ቅ.ል.ክ. የስፓርታ መልእክተኞች ሆነው ወደ ፋርስ ሲጓዙ ተይዘው ለአቴናውያን ተሰጡ፤ አቴናም ያለ ፍርድ ገደለቻቸው። ሄሮዶቱስ በዚህ የአምላክን እጅ አይቷል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፍርሃት ከተባለ የሰው ሠራዊት ብቻ አልነበረም የሚፈራው። ስፓርታውያን ዜርክሲስ ሳያስገድዳቸው ነው ስፐርቲያስንና ቡሊስን ለሞት የላኩት።

ቀላል ጥያቄ

እየተከታተልኩ ነው፣ በርቱ። ግን አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። መልእክተኛ ሰላይ አይደለም እንዴ? ኢናልቹቅም ሰላዮች ናቸው ብሎ ነው የፈጃቸው። ጠላትህ ዓይኑን ቤትህ ልኮ አትንካው ሲልህ እንዴት ትቀበለዋለህ?

ጥንተ ነገር

ቀላል ጥያቄ፣ ስምህ እንደሚለው ቀላል አይደለም። ሁሉም መልእክተኛ ያያል፣ ይሰማል፣ ይቆጥራል። የህንዱ አርታሻስትራ የመልእክተኛን ሥራ ሲዘረዝር የጠላትን ምሽግ፣ ሠራዊትና ሀብት ማጥናትን በግልጽ ይጨምራል። ያው መጽሐፍ ደግሞ መልእክተኞች የነገሥታት አፍ ናቸውና አይገደሉም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጡ አላሳፈረውም። የቬኒስ አምባሳደሮችም ከሥራቸው ሲመለሱ ስለ ነበሩበት አገር ገቢ፣ ጦርና ስለ ንጉሡ ጠባይ በሴኔቱ ፊት ረጅም ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ዘመን የሚያውቁት በእነዚህ ሪፖርቶች ጭምር ነው። ተቀባዩ ንጉሥ ይህን ያውቃል። እሱም የራሱን ሰው ቬኒስ አስቀምጧል።

ከሰላይነት የባሰም አለ። በ449 የቁስጥንጥንያው ቤተ መንግሥት ወደ ሁኖች ንጉሥ ወደ አቲላ መልእክተኞች ላከ። መሪው ማክሲሚኖስ ይባላል፣ ጸሐፊው ፕሪስኮስም አብሮት ነበር። እነሱ ሳያውቁ ጃንደረባው ክሪሳፊዮስ የአቲላን ባለሟል ኤዴኮን በ50 ሊትራ (የዘመኑ የክብደት መለኪያ) ወርቅ ገዝቶ ጌታውን እንዲገድል ተስማምቷል። ኤዴኮ ግን ሁሉንም ለአቲላ ነገረው። አቲላ መልእክተኞቹን ማስፈጀት ይችል ነበር። ምክንያቱም በእጁ ነበረ፣ የሚያስቆመው ኃይልም አልነበረም። አስተርጓሚው ቪጊላስ ለግድያው የሚከፈለውን ወርቅ ይዞ ሲመለስ አስያዘው፣ አናዘዘው፣ በኋላም ተጨማሪ ወርቅ ተቀብሎ ለቀቀው። ማክሲሚኖስንና ፕሪስኮስን ምንም አላደረጋቸውም። ከዚያ የራሱን መልእክተኛ ኦሬስጤስን ያንኑ የወርቅ ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ 2ኛ ላከው። ይህን ከረጢት ታውቀዋለህ ወይ ተብሎ ጃንደረባው በአደባባይ እንዲጠየቅ ነው።

አቲላ የሚፈራው አልነበረም፣ መሐላም አላሰረውም። ከዚህ ጉዳይ ያገኘው ትርፍ ግን አሥር ሬሳ ከሚሰጠው ይበልጣል።

የሕግ ደቀ መዝሙር

ውይይቱ ከጥንቱ ዘመን አልወጣ ብሏል። ደንቡ በወረቀት ላይ የሰፈረበትን ዘመን ልጨምር።

ነገሩ የተወሳሰበው መልእክተኛው መጥቶ የሚሄድ እንግዳ መሆኑ ሲቀርና ቤት ይዞ ሲቀመጥ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሚላኖን የመሳሰሉ የጣልያን መንግሥታት ቋሚ አምባሳደር በጎረቤት ከተማ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በ1454 ከተደረገው የሎዲ ሰላም በኋላ ልማዱ ተስፋፋ። ተቀማጭ ሰው ይበደራል፣ ይከራያል፣ ይጣላል። በ1708 የታላቁ ጴጥሮስ አምባሳደር አንድሬ ማትቬየቭ ከለንደን ሊወጣ ሲል አበዳሪዎቹ ያሰማሯቸው ሰዎች ከሠረገላው ጎትተው አሰሩት። ጴጥሮስ ጥፋተኞቹ በሞት ይቀጡልኝ አለ። እንግሊዝ ግን በራሷ ሕግ ለዚህ የሞት ቅጣት አልነበራትም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ፓርላማው የአምባሳደሮችን መብት የሚያስከብር አዋጅ አወጣ፣ ንግሥት አንም ይቅርታዋን ከአዋጁ ጋር ሞስኮ ድረስ ላከች። ከዛር ቁጣ የተወለደ ሕግ ሆኖ ለ250 ዓመት ያህል ሠርቷል።

ሌላው ጭቅጭቅ ማን ይቀድማል የሚለው ነበር። በ1661 ለንደን ውስጥ የስዊድን አምባሳደር ሲገባ የስፔንና የፈረንሳይ አምባሳደሮች ሠረገሎች ለቅድሚያ ተጋፍተው ሰዎች ሞቱ፣ ፈረሶችም ተገደሉ። ሉዊ 14ኛ ነገሩን እስከ ጦርነት ዛቻ አድርሶ ስፔን ቅድሚያውን እንድትለቅ አስገደዳት። የ30ውን ዓመት ጦርነት ያቆመው የዌስትፋሊያ ድርድርም በሁለት ከተሞች፣ በሙንስተርና በኦስናብሩክ ተከፍሎ ነው የተካሄደው። በ1648 እስኪፈረም ድረስ ሁሉም ልዑካን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ይህን ሁሉ የፈታው የ1815ቱ የቪየና ጉባኤ ያወጣው አጭር ደንብ ነው። በአንድ ማዕረግ ካሉት መካከል የሚቀድመው ቀድሞ የመጣው ነው፤ የንጉሡ ትልቅነት አይቆጠርም። የትንሽ አገር አምባሳደር ብዙ ዓመት ከቆየ የኃያላኑን አምባሳደሮች ይቀድማል። እንደኔ እምነት በዚያ ጉባኤ ከተሣሉት ድንበሮች ሁሉ ይህ ደንብ የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1961 እዚያው ቪየና ውስጥ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ጸደቀ፣ በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ190 በላይ አገሮች ገብተውበታል። መግቢያው ላይ መብቱ የተሰጠው ግለሰቦችን ለመጥቀም ሳይሆን ሥራው እንዲሠራ ነው ይላል።

የተገፉት ድምፅ

የሕግ ደቀ መዝሙር፣ እርስዎ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያልገቡት ሕዝቦችስ? ይህ ውይይት ደንቡን የሁሉም ሰው ሕግ አድርጎ ሲያወድሰው ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1884 እና 1885 በርሊን ላይ 14 መንግሥታት ስለ አፍሪካ ሲነጋገሩ አንድም አፍሪካዊ ገዥ አልተጠራም። በዛሬዋ ጋና የነበረው የአሳንቴ መንግሥት ንጉሥ ፕሬምፔ ቀዳማዊ በ1895 ራሳቸው መልእክተኞችን ወደ ለንደን ላኩ። ደንቡን አክብረው፣ በሥርዓቱ መሠረት፣ በባሕር ተጉዘው ሄዱ። የእንግሊዝ መንግሥት አልቀበልም አላቸው። ጥር 1896 የእንግሊዝ ጦር ዋና ከተማቸው ኩማሲ ገባ፣ ንጉሡም ታስረው ተሰደዱ። መልእክተኞቹን ማንም አልገደላቸውም። በር ላይ አቁሞ እንደሌሉ መቁጠር ግን ከመግደል ያነሰ ነገር ነው?

ቻይናንም ተመልከቱ። በ1860 የነጭ ባንዲራ ይዘው ለድርድር የሄዱ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ተይዘው ግማሽ ያህሉ በእስር ላይ ሞቱ። ይህ ከባድ በደል ነው፣ አልክድም። ምላሹ ግን የፔኪንግን የበጋ ቤተ መንግሥት ማቃጠል፣ በብር የሚከፈል ካሣና የካውሉን መሬት ሆነ። ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱን የዘረፉት ደግሞ የእስረኞቹ ሞት ሳይሰማ በፊት ነበር። በ1900 የጀርመኑ ሚኒስትር ፎን ኬተለር ሲገደል ቻይና 450 ሚሊዮን ቴል (የቻይና የክብደት መለኪያ) ብር በ39 ዓመት እንድትከፍል ተፈረደባት።

በ1829 ግን በቴህራን የሩሲያ ልዑክ ግሪቦየዶቭ ከነባልደረቦቹ በሕዝብ ዓመፅ ሲገደል፣ ሻሁ የልጅ ልጁን ከታላቅ አልማዝ ጋር ወደ ፒተርስበርግ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዛር ኒኮላስም ተቀበለ። ያን ጊዜ ሩሲያ ከኦቶማኖች ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ሌላ ጦርነት አልፈለገችም። አንድ ዓይነት ደም በአንዱ ቦታ ከተማ ያስቃጥላል፣ በሌላው ቦታ በስጦታ ይታለፋል። ደንቡ አለ፤ ዋጋውን የሚተምነው ግን ጉልበተኛው ነው።

ብራና አገላባጭ

የተገፉት ድምፅ፣ በዚህ ላይ ልጨምርልህ። በ1936 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙት መልእክተኛ ሳይልኩ ራሳቸው ነው። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ አባል ናት፣ ወንበር አላት፣ የመናገር መብቷ ተጠብቋል። የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኩ ከአዳራሹ እንዲወጡ ተደረገ። የክብሩ ሥርዓት ሁሉ ተሟልቷል። በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን ነዳጅን አልጨመረም፣ የስዌዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት ነበር። ንግግሩ የተደረገው ሰኔ 30 ነው፤ ማዕቀቡ ሐምሌ ላይ ተነሣ።

ስለዚህ ጥንተ ነገር፣ ጥያቄህን ላጠንክረው። ተናጋሪው ተከብሮ ቃሉ ከተጣለ፣ ደንቡ ምን ጠቀመ?

ጥንተ ነገር

ይህ ክሩን ከከፈትኩ ወዲህ የቀረበልኝ ከባዱ ጥያቄ ነው። የአሳንቴ ጉዳይ ደንቡ የት ላይ እንደሚሰበር በትክክል ያሳያል። ነገ እኔም ላኪ እሆናለሁ የሚለው ስሌት የሚሠራው ሌላውን እኩያ አድርገህ ስትቆጥር ነው። የ1895ቱ ለንደን ኩማሲ ነገ የሚያስፈልጋት ደጅ አድርጋ አላየችም። የ1936ቱ ጄኔቭም እንዲሁ፤ ፓሪስና ለንደን ሮማን እንጂ አዲስ አበባን አልፈለጉም። ደንቡ ፍትሕ አያመጣም። እንዲህ ያለ ሸክም ብንጭንበት አይችለውም። የሚጠብቀው የመነጋገሪያውን መንገድ ብቻ ነው።

መንገዱ ግን ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የቻይናው የሶንግ ሥርወ መንግሥትና የሰሜን ጎረቤቱ የሊያኦ መንግሥት በ1005 ቻንዩዋን ላይ ታረቁ። ሶንግ በየዓመቱ 100,000 ቴል ብርና 200,000 ጥቅል ሐር ሊሰጥ፣ ሁለቱ ንጉሠ ነገሥታት ወንድማማች ሊባባሉ ተስማሙ። ብዙ የሶንግ መኳንንት ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ግን በየአዲስ ዓመቱና በየነገሥታቱ የልደት ቀን መልእክተኛ እየተመላለሰ ከመቶ ዓመት በላይ ትልቅ ጦርነት ሳይነሣ ቀረ። የሚከፈለው ብር ለጦርነት ከሚወጣው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ሰላሙን ያፈረሰው የሶንግ ቤተ መንግሥት ራሱ ነው። በ1120 ሊያኦን ለማጥፋት ጁርቼን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ሕዝብ ጋር በምስጢር ተዋዋለ። ሊያኦ በ1125 ጠፋች። ጁርቼኖች ደግሞ በ1127 ዋና ከተማውን ካይፌንግን ይዘው ንጉሠ ነገሥቱንና ከዙፋኑ የወረደውን አባቱን ማርከው ወሰዱ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ጥቅምት 27 ቀን 1962 አለ። የኩባ ሚሳኤል ቀውስ በከፋበት በዚያ ምሽት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ወንድም ሮበርት ኬኔዲ የሶቪየቱን አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒንን ቢሮው ጠርቶ ቱርክ ውስጥ ያሉት የጁፒተር ሚሳኤሎች በኋላ እንደሚነሡ፣ ግን በይፋ እንደማይነገር ነገረው። በማግስቱ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳኤሎቹን ከኩባ አወጣለሁ አለ። እስቲ ዶብሪኒን በዚያ ሳምንት ተባርሮ ወይም ታግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል በማን በኩል ይደርስ ነበር? በዓመቱ በሞስኮና በዋሽንግተን መካከል ቀጥታ መስመር የተዘረጋውም ሁለቱም ምን ያህል ለጥቂት እንደተረፉ ስላዩ ነው።

የሜዳ ፈረስ

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ሽፋን አድርገው የሚጠቀሙበትን ምን ታደርጉታላችሁ? ሚያዝያ 17 ቀን 1984 ለንደን ውስጥ ከሊቢያ ኤምባሲ መስኮት ተተኩሶ ፖሊሷ ኢቮን ፍሌቸር ተገደለች። ሕንፃው 11 ቀን ተከበበ። በመጨረሻ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በአውሮፕላን ተሸኝተው ሄዱ። የሟቿ ቤተሰብ ፊት ቆሞ የመነጋገሪያውን መንገድ እየጠበቅን ነው ማለት ይቻላል?

የሕግ ደቀ መዝሙር

ለቤተሰቡ የሚበቃ መልስ የለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዝ የሰጠችው ምላሽ ግንኙነት ማቋረጥ ነበር፤ ሊቢያ ኃላፊነቱን የተቀበለችውና ካሣ የከፈለችው በ1999 ነው።

መንግሥታት ግን ከዚያ በኋላም ስምምነቱን አላሻሻሉም። ምክንያቱን ከአራት ዓመት በፊት ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ጽፎት ነበር። በኅዳር 1979 ቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘ፤ 52 ሰዎች 444 ቀን ታገቱ። ኢራን ለፍርድ ቤቱ በላከችው ደብዳቤ አሜሪካ ለ25 ዓመት በጉዳያችን ጣልቃ ስትገባ ነበር አለች። ይህ ቅሬታ ባዶ አይደለም፤ አሜሪካ እጇ ያለበትን የ1953ቱን የኢራን መፈንቅለ መንግሥት የረሳ የለም። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1980 የሰጠው መልስ ግን፣ የዲፕሎማሲ ሕግ መድኃኒቱን በውስጡ ይዟል የሚል ነው። ዲፕሎማቱ ከሥራው ውጭ ሆነ የሚል አገር ያባርረው፣ የባሰ ከመጣ ኤምባሲውን ይዝጋ፤ ሰውየውን ግን አይንካ። ለማባረር ማስረጃም ሆነ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም። ፐርሶና ኖን ግራታ የሚባለው ይኸው ነው።

ማዶ ለማዶ

የተገፉት ድምፅ ያነሣውን ሳልዘነጋ፣ በጣም የከፋ ጥላቻ በነበረበት ጊዜ ደንቡ እንዴት እንደቆመ አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓን ፐርል ሐርበርን ካጠቃች በኋላ ጃፓንና አሜሪካ የአንዳቸውን ዲፕሎማቶች ሌላኛቸው ለወራት ይዘው ቆዩ። በሐምሌ 1942 ግሪፕሾልም የምትባል የስዊድን መርከብና አሳማ ማሩ የምትባለው የጃፓን መርከብ ዛሬ ማፑቶ በምትባለው ሎሬንሶ ማርኬስ ወደብ ተገናኙ። የሁለቱ አገር ዲፕሎማቶችና ሌሎች ሰዎችም መርከብ ተለዋውጠው ወደየአገራቸው ተመለሱ። አምባሳደር ጆሴፍ ግሩ ከነዚያ አንዱ ነው። በዚያው ወቅት ሁለቱ አገሮች በፓስፊክ ደሴቶች ምርኮኛ እስከማይያዝ ድረስ ይገዳደሉ ነበር።

ቀላል ጥያቄ

ብዙ ተምሬያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ቀረኝ። ኤምባሲ የሌላቸው አገሮች፣ ለምሳሌ አሜሪካና ኢራን፣ አሁን መልእክት የሚለዋወጡት በምንድን ነው?

የሕግ ደቀ መዝሙር

በሦስተኛ አገር በኩል። ከ1980 ጀምሮ ቴህራን ላይ የአሜሪካን ጥቅም የምትጠብቀው ስዊዘርላንድ ናት። በዋሽንግተን ደግሞ የኢራን ጉዳይ በፓኪስታን ኤምባሲ ሥር ነው የሚሠራው። ጥር 2020 ላይ ውጥረቱ ጣሪያ ሲነካ በስዊዘርላንድ በኩል መልእክት መተላለፉን የስዊስ መንግሥት ራሱ አረጋግጧል። ሥራው አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስዊዘርላንድ ከ30 በላይ አገሮችን ወክላ ነበር። ጃፓን ነሐሴ 10 ቀን 1945 እጅ ለመስጠት መዘጋጀቷን የገለጸችበት ጽሑፍም ዋሽንግተን የደረሰው በስዊስ ተወካዮች እጅ ነው። የአሜሪካም መልስ በማግስቱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሄደ።